ሮምን በብስክሌት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ብስክሌት ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከሮም ነው። ጠያቂዎቻችን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት መኪናውን ነው፤ እኛ ደግሞ ዓይናችሁን መጀመሪያ መሬቱ ላይ አድርጉ እንላለን። በዚያች ከተማ ከሚገጭ መኪና በፊት የትራም ሐዲድ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር ያነሣው አስፋልትና ድንገት የሚከፈት የመኪና በር ይቀድማሉ።

ጥያቄ፦ ቶር ፒኛታራ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ፓሪዮሊ ነው፣ አንዲት አዛውንት እጠብቃለሁ። ጠዋት 1፡30 መድረስ ስላለብኝ ብስክሌት ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ፖርታ ማጆሬ ላይ የፊት ጎማዬ ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ጣለኝ። የተላጠው ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሐዲድ ባየሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዴት ነው የሚሻገረው?

መልስ፦ እንኳን ጉልበት ብቻ ሆነ፣ እህታችን። የወደቁበትን ምክንያት ካወቁት ፍርሃቱም ይቀላል። ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄደው ነጂው ራሱ ሳይታወቀው መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በጥቂቱ እያወዛወዘ ሚዛኑን ስለሚጠብቅ ነው። የፊት ጎማ ሐዲዱ ውስጥ ሲገባ ያ መወዛወዝ ይቀራል። ጎማው ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየው ወደ ጎን ይሄዳል። መውደቁ በቅጽበት የሚሆነው፣ ፍሬንም የማያድነው ለዚህ ነው።

ሐዲዱ ጋ ሊደርሱ 10 ሜትር ያህል ሲቀርዎት በግራ ትከሻዎ በኩል ኋላዎን ይመልከቱ፤ ሞተር ሳይክሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። (ሮም ውስጥ ከቀኝም ይመጣል፤ እሱንም አይርሱት።) እጅዎን ዘርግተው ያሳዩና መጀመሪያ ከሐዲዱ ትንሽ ራቅ ይበሉ። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ መሻገር የፈለገ ሰው ለምን ይርቃል? ቦታ ካላገኙ ግን መሪውን ማዞር አይችሉም። ራቅ ካሉ በኋላ ያዙሩና ሐዲዱን በተቻለ መጠን በ90 ዲግሪ፣ ባይሆን እንኳ ከ45 ባላነሰ ይቁረጡት። በሚቆርጡበት ቅጽበት ፔዳል አይርገጡ፣ ፍሬን አይያዙ፣ አያጋድሉ። ከኮርቻው በጥቂቱ ተነሥተው ጎማው በራሱ ይንከባለል። ዝናብ ከነካው ብረቱ ሳሙና ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በ90 ዲግሪ ካልቻሉ ወርደው ይግፉ።

ሰው የሚወድቀው ሊሻገር ባሰበበት ቦታ ብቻ አይደለም። በሐዲዱ ቀኝ እየነዱ ሳለ ፊት ለፊት በሁለተኛ ረድፍ የቆመ መኪና ያጋጥማል። ሮም ውስጥ ይህ በየመንገዱ ያለ ነው። ነጂው እሱን ለማለፍ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ ያደርጋል፣ ጎማው ሐዲዱን በጣም በጠበበ ማዕዘን ያገኘዋል፣ አለቀ። የቆመውን መኪና ገና ከሩቅ ሲያዩ ይወስኑ፤ ወይ አስቀድመው በደንብ ተሻግረው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ይግቡ፣ ወይ ቆመው ያሳልፉ። ጎማውን ከሐዲዱ ጠርዝ ሁለት ጣት አርቆ መንዳት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ፖርታ ማጆሬን በተመለከተ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። በርካታ የትራም መስመሮች የሚጠላለፉበት አደባባይ ስለሆነ ለአንዱ ሐዲድ ያስተካከሉት ማዕዘን ለሚቀጥለው አይሠራም። ወርደው በእግረኛ ማቋረጫው ይግፉት። የሚባክነው ሁለት ደቂቃ ነው። ጎማዎ 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሹካው (ጎማውን ከሁለት ወገን የሚይዘው ብረት) ቦታ እስከሰጠ ድረስ በ40 ወይም በ42 ይቀይሩት። ሰፊ ጎማ ሐዲድ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ያንሳል፤ እርጥብ ብረት ላይ ግን እሱም ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ፒኜቶ ሆኜ ምግብ አደርሳለሁ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ጎማ ተነፈሰብኝ። ጓደኞቼ «ጠንክሮ ይነፋ» ይሉኛል፣ ባለሱቁ «ውድ ጎማ ግዛ» ይላል። የቱን ልስማ? ሌላው፣ የብስክሌታቸውን የኤሌክትሪክ ሞተር ፈትተው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የሚያደርጉ ልጆች አሉ፤ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱንም ከመስማትዎ በፊት ካላማዳሪውን ይስሙት። ነፍተው ውኃ ውስጥ ይንከሩትና ቀዳዳው የት እንደሆነ ይዩ። ጎን ለጎን የተሰነጠቁ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ጎማው አየር አንሶታል ማለት ነው። የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ካላማዳሪው በመንገዱና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ነው የተቀደደው። ቀዳዳው አንድ ሆኖ በውጭ፣ መሬት በሚነካው ወገን ከሆነ፣ ጠርሙስ ወይም እሾህ ነው። በውስጠኛው፣ በቸርኬው ወገን ከሆነ ደግሞ የራጂ ጫፍ ወጥቷል፤ ራጂውን የሚሸፍነው ጨርቅ ተገፍቷል ወይም አርጅቷል። ቫልቮላው ሥር ከተቀደደ በትንሽ አየር ሲነዱ ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ጎትቶታል።

እሾህን በተመለከተ፣ በሮም ዳርቻና በቴቬሬ ወንዝ መንገድ ጥግ በበጋ የሚደርቀውን ያን መሬት ለመሬት የሚሳብ አረም አገር ቤት በደንብ እናውቀዋለን፤ ኩርንችት ነው። እሱን የረገጠ ጎማ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይኖረውም። ስለዚህ ካላማዳሪውን ለጥፈው ከመመለስዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት። ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ። በጣት አይፈልጉ፤ ስብርባሪ ጠርሙስ ጣት ይቆርጣል።

የአየሩ መጠን ደግሞ እንደ ጎማው ስፋትና እንደ ጭነቱ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ 4.5 ባር፣ ባለ 40 ከ3 እስከ 3.5 ባር፣ ባለ 47 ከ2.5 እስከ 3 ባር ይበቃዋል። ጀርባዎ ላይ ወይም ከኋላ ሳጥን ካለ የኋላውን ጎማ በግማሽ ባር ይጨምሩ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አይለፉ። «ጠንክሮ ይነፋ» የሚለው ምክር ለአስፋልት ይሆናል፤ ለሳምፒየትሪኒ ግን አይሆንም። ሳምፒየትሪኒ የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ታላቅ ወንድም ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከዘመናት መረገጥ የተነሣ ላዩ የለሰለሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። እዚያ ላይ ድንጋይ የሆነ ጎማ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ መሬት አይዝም፣ ፍሬንም አይታዘዝም።

ሲለጥፉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማስቲሹ ነው። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ማስቲሹን በስሱ ይቀቡ፤ ከዚያ ይጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል፣ ማብረቅረቁ ጠፍቶ በጣት ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ በማግስቱ ይነሣል።

ለእቃ መግዣ ቋንቋ አይጨነቁ። ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ፣ ራጂ፣ ቫልቮላ፣ ፖምፓ እያልን ያደግነው ሁሉ ከጣልያኖቹ የተወሰደ ነው፤ ሱቅ ገብተው «ካመራ ዳርያ» ቢሉ ባለሱቁ ሳይጠይቅ ያነሣልዎታል።

ስለ ሞተሩ፦ አይንኩት። በጣልያን ሕግ ብስክሌት ሆኖ የሚቆጠረው ኃይሉ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ እግር ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያቆም ነው። ከዚያ ያለፈው እንደ ሞተር ሳይክል ሰሌዳ፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ሲያዝ ቅጣት አለው፣ ብስክሌቱም ሊወረስ ይችላል። ሰው ቢገጩበት ደግሞ ካሳው በራስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በሽቦ ገመድ አስሬ ገባሁ። ስወጣ ገመዱ ተቆርጦ መሬት ላይ ነበር። ሁለተኛውን እንዴት ላድነው?

መልስ፦ የሽቦ ገመድ በእጅ መቁረጫ በሰከንዶች ይበጠሳል። ባለ ዩ ቅርጽ የብረት ቁልፍ ይግዙ፤ ለቁልፍ ከብስክሌቱ ዋጋ አሥር በመቶ ያህል ማውጣት አይቆጭም። የኋላውን ጎማና ቴላዮውን (የብስክሌቱን አካል) አንድ ላይ ከብረቱ ጋር ይቆልፉ፤ የፊት ጎማ ብቻ የተቆለፈበት ብስክሌት ባለቤቱን ጎማ ብቻ አስቀርቶለት ይሄዳል። ከመቆለፍዎ በፊት ምሰሶውን ያወዛውዙት። ሮም ውስጥ ከመሬት የሚነቀል የምልክት ምሰሶ አለ፤ አጭር ከሆነ ደግሞ ብስክሌቱን በላዩ አንሥተው ያወጡታል። ከፔዳሎቹ በታች፣ ቴላዮው ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ዛሬውኑ ፎቶ ያንሡ፤ ያለሱ ለፖሊስ የሚሰጡት የስርቆት አቤቱታ (ዴኑንቻ) ወረቀት ከመሆን አያልፍም። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚቀርብልዎትንም አይግዙ፤ የሌላ አንባቢያችን ገመድ ተቆርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። እሑድ እሑድ ከመኪና ርቀን የምንሄድበት መንገድ ንገሩን።

መልስ፦ ለሐበሻ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፦ የአበበ ቢቂላ መንገድ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 (በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ) አበበ በባዶ እግሩ በቪያ አፒያ አንቲካ ተመልሶ፣ ያኔ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት በነበረው በፖርታ ካፔና አልፎ፣ በ2፡15፡16 በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሰ። እናንተ ተቃራኒውን ትሄዳላችሁ። ከሜትሮ ቢ ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ተነሥታችሁ፣ በካራካላ መታጠቢያዎች በኩል ወደ ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ፣ ከዚያ አፒያ አንቲካን ይዛችሁ እስከ ቼቺሊያ መቴላ መቃብር ድረስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እሑድ መንገዱ ለግል መኪና ዝግ ነው ቢባልም ነዋሪዎችና አውቶቡስ ያልፋሉ። ከፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ በኋላ መንገዱ በሁለት ግንብ መካከል ጠባብ ስለሆነ ልጁ ብቻውን አይንዳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ይሁን። ሕጉ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅን በተገቢ ወንበር እንዲጭን ይፈቅዳል። ይሁንና የብዙ ወንበሮች ልክ 22 ኪሎ ነውና ልጁን መዝኑት። ከመቃብሩ ወዲያ የጥንቱ ትልልቅ ድንጋይ ይጀምራል፤ እዚያ ልጅ ጭኖ መንዳት ለአንገቱም ለወገብዎም አይበጅም፣ በጎኑ ያለውን የአፈር መንገድ ይያዙ። ልጁ ራሱ እንዲነዳ ከፈለጉ ከአጠገቡ ወዳለው የካፋሬላ መናፈሻ ይታጠፉ፤ መሬቱ አፈር ነው፣ መኪና የለም፣ በግ ግን አያጡም።

የቴቬሬውን የወንዝ ዳር መንገድ ለልጅ የምንመርጠው በጸደይ ነው። በጣልያን ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ወንዙ ሲሞላ ውኃው ይሸፍነውና ደለል ትቶ ይሄዳል፤ በበጋው ሙቀት ደግሞ በወንዙ መካከል ያለችው ደሴት አካባቢ ድንኳንና ሰው ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ የብስክሌት ባርኔጣ (ሄልሜት) ግዴታ ነው? በአውቶቡስ መስመር፣ በእግረኛ መንገድ መንዳትስ?

መልስ፦ ባርኔጣ ሕጉ አያስገድድም፤ እኛ ግን አድርጉ እንላለን። በእግረኛ መንገድ መንዳት አይፈቀድም። በአውቶቡስ መስመርም የብስክሌት ምልክት ከሌለው እንዲሁ። አንድ አቅጣጫ መንገድን በተቃራኒ የሚገቡት «ኤቼቶ ቢቺ» (ከብስክሌት በቀር) የሚል ሰሌዳ ካለ ብቻ ነው። ማታ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ግድ ነው፤ ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላና በዋሻ ውስጥ ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ ይጨመራል። ከዲሴምበር 2024 ወዲህ መኪና ሲያልፋችሁ ሁኔታው ከፈቀደ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። እናንተም ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ራቁ፤ የሚከፈት በር የሚደርሰው እስከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ሙቀት እንዴት ይነዳል?

መልስ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት። ግማሽ ሊትር መያዣ አንድ ይበቃል፤ ምክንያቱም ከተማው 2,500 ገደማ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉት፣ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ሲፈስባቸው ይውላል። መጎንበስ አያስፈልግም። አፍንጫ የመሰለውን ቧንቧ ጫፍ በጣትዎ ይድፈኑት፤ ከላዩ ካለች ቀዳዳ ውኃው ወደ አፍዎ ይወረወራል። መነጽርዎን አስቀድመው ያውልቁ።