11 ሞጁል፣ 11 የኮንፊግ ፋይል

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሲስተም ሰርተናል፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ ሱቁ ደሴ ነው፣ ሽያጭ ስቶር ደሞዝ ሂሳብ እያለ 11 ሞጁል ደርሷል፣ ሁሉም ሴቲንጉ የሚፃፍበት የየራሱ ኮንፊግ ፋይል አለው። በቅርቡ የዳታቤዝ ሰርቨር ቀይረን አድራሻውን በየፋይሉ ስናስተካክል የሪፖርቱን ረሳነው። ለ4 ቀን አሮጌውን ዳታቤዝ እያነበበ ሪፖርት ሲያወጣ ማንም አላወቀም፣ ደሴ ያሉት ሪፖርቱን አይተው ስኳር ሸጡ፣ መኪናው ሐረጎን ወርዶ መጋዘኑ ሲደርስ አንድ ኩንታል የለም። ባለቤቱ በጣም ተቆጣን። ሁሉንም ሴቲንግ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ብንከተው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መርሳቱስ ያለ ነው፣ አንድ ነገር 11 ቦታ ቀይር የተባለ ሰው አንዱን መዝለሉ አይቀርም። እኔን ያሳሰበኝ 4 ቀኑ ነው። አሮጌው ሰርቨር እየሰራ ስለነበር ሞጁሉ ሄዶ አገኘው፣ ኤረር የለ ምን የለ፣ የተሳሳተ ቁጥር አምሮ ወጣ።

አንዱን ትልቅ ፋይል አልመክርህም። የሽያጭ ሞጁሉ የደሞዙን ዳታቤዝ ፓስወርድ ለምን ያያል? ሦስታችሁም አንድ ፋይል ላይ ስትነካኩ ደግሞ ጊት ላይ (የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ኮንፍሊክት፣ ማለትም የተጋጨ ለውጥ፣ ስትፈቱ ነው የምትውሉት። እንዲህ አድርጉ፦ እያንዳንዱ ሞጁል የሚፈልገውን ብቻ በኮድ ይናገር፣ "የዳታቤዝ አድራሻ፣ ግዴታ" "የገፅ ብዛት፣ ካልተሰጠኝ 50" ብሎ። ፋይል ከፍቶ ማንበብ ግን የሱ ስራ አይደለም፣ ሲስተሙ ሲነሳ አንድ ቦታ ተነቦ ተጣርቶ ይሰጠው። የጋራ የሆነው ነገር፣ እንደ ዳታቤዝ አድራሻው፣ አንዴ ብቻ ይፃፍ። ግዴታ የተባለው ከጠፋ ሲስተሙ ጭራሽ አይነሳ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልነሳም ቢል ይሻላችኋል ስኳር ከሚያሸጣችሁ። ሲነሳም ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደተገናኘና አድራሻውን ከየት እንዳገኘው ሎግ ላይ (ሲስተሙ የሰራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ይፃፍ፣ ፓስወርዱን ሳይጨምር። ያቺ አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የምትይዙት።

አንድ ሴቲንግ ከአንድ በላይ ቦታ ከተሰጠ የትኛው እንደሚያሸንፍ፣ የቅድሚያ ተራውንም ተስማሙበት። የተለመደው ዲፎልቱ (ኮዱ ውስጥ ያለው መነሻ) ከታች፣ ከዛ ፋይሉ፣ ከዛ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሉ (ሰርቨሩ ላይ ከፋይሉ ውጪ የሚሰጠው) ነው፣ ከላይ ያለው የታችኛውን ይሽራል፣ የጃቫ ፍሬምወርክ የሆነው ስፕሪንግ ቡትም በዚሁ ነው የሚሰራው። ኮዱ ውስጥ ግን "ደሴ ከሆነ እንዲህ፣ ኮምቦልቻ ከሆነ እንዲያ" እንዳትሉ፣ ፕሮግራሙ አንድ ይሁን፣ በየቦታው የሚሰጠው ሴቲንግ ብቻ ይለያይ።

ፓስወርድ ጊት ላይ ገብቶ ከሆነ ፋይሉን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ሂስትሪው ውስጥ ይቀመጣል፣ ፓስወርዱን ራሱን ቀይሩት።

ደሞዝ ሞጁል አለን ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ አለ። ይሄን የመሰለ ቁጥር ኮንፊግ ፋይል ላይ ካለ ቀይራችሁት ስታበቁ ያለፈ ወር ውዝፍ ክፈሉ ቢባል አሮጌውን ከየት ታመጣላችሁ? የግብር ሰንጠረዥ ዳታ ነው፣ ዳታቤዝ ውስጥ "ከዚህ ቀን ጀምሮ" ከሚል ቀን ጋር ይቀመጥ።

የማትጠቀሙበትን ሴቲንግ ደግሞ አጥፉ፣ ስሙንም ለሌላ ስራ መልሳችሁ አትጠቀሙበት። ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የደረሰበት ይሄ ነው፣ ድሮ ለሌላ ስራ የነበረ ፍላግ (የሚበራና የሚጠፋ ሴቲንግ) ለአዲስ ስራ አዋሉት፣ አዲሱ ኮድ ግን ከ8 ሰርቨር 7ቱ ላይ ብቻ ነው የተጫነው፣ ስምንተኛው ፍላጉ ሲበራ የድሮውን ኮድ ቀስቅሶ በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰራቸው። እነሱም ጋ ያንን ሰርቨር የረሳው ሰው ነው።

11ዱን ባንዴ ለመቀየር አትነሱ፣ ስራ ያስቆማችኋል። ከሪፖርቱ ጀምሩ፣ ከዛ ስቶር፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። አሮጌውን ሰርቨር ግን ዛሬውኑ ሱቁ ሲዘጋ ከኔትወርክ ንቀሉት፣ እስካሁን ከሱ የሚያነብ ሌላ ሞጁል ካለ ያኔ ኤረር ሰጥቶ ይነግራችኋል።