ቀለም የማይዘው ግድግዳና የሚጨማደዱት ሥዕሎች፦ መልስ

የኤግዚቢሽን አዳራሽ ያደረጋችሁት አሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ቀለሙ እንደተላጠ፣ የተሰቀሉት ሥዕሎችም እየተጨማደዱ እንደሆነ ጽፈው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀውናል። ለሦስተኛ ጊዜ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት በግድግዳው ላይ ያለውን የሲሚንቶ ልስን ያስነሡ። እንደገለጹልን ቀለሙ የሚላጠው ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ከሆነና ዱቄት የሚመስል ነጭ ጨው ካወጣ፣ እርጥበቱ ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ ነው፤ ከጣሪያ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ እድፉ ከላይ ይጀምር ነበር። ሲሚንቶ ይህን እርጥበት ውስጥ ስለሚያፍነው በምትኩ በኖራ ያስለስኑት፤ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ካለም ያስዝቁት። መድረቁ ወራት ስለሚወስድ እስከዚያው ሥዕሎቹን እርጥበቱ እንዳያጨማድዳቸው ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ በቆመ ሰሌዳ ላይ ይስቀሉ።

በጎ ፈቃደኞቻችሁ ግን አሮጌውን ቀለም በደረቁ እንዳይፍቁ አደራ። በቆዩ ሕንፃዎች ቀለም ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ሊኖር ይችላል፣ ለሕፃናት ደግሞ መርዝ ነው፤ ብናኙ በበር ሥር አልፎ የልጆች ሥዕል ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። አስቀድመው ያስመርምሩት።