የግል ጸሎትን መጀመርና መዝለቅ፦ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ እንደምን ዋላችሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ እዚህ የምመልሰው የቤተ ክርስቲያናችንን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን፣ አጠቃላይ ሥርዓት ነው። «ስንት ልጸልይ፣ ስንት ልስገድ» የሚለውን የሚወስንላችሁ የንስሐ አባታችሁ ነው። ጠይቁ።

ወለተ ሚካኤል፦ የዘወትር ጸሎት እጀምርና በሳምንቱ አቋርጣለሁ። ምን ይሻለኛል?

መምህር፦ ስትጀምሪ ምን ምን ይዘሽ ነው?

ወለተ ሚካኤል፦ የዘወትሩን፣ ውዳሴ ማርያም፣ የዕለቱን ዳዊት፣ መልክዐ ኢየሱስ፣ መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ሚካኤል።

መምህር፦ በይ ይኸው፣ ችግሩን ራስሽ ዘረዘርሽው። ይህ ለጀማሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። አንድ ቀን ያመልጥሻል፣ በማግስቱ ያለፈውንም ልክፈል ትያለሽ፣ እጥፍ ይሆንብሽና ትተዪዋለሽ። ያለፈ ቀን አይደመርም! የሰኞው ካመለጠ ማክሰኞ የማክሰኞውን ብቻ። ለጊዜው ጠዋት የዘወትሩንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ማታ መዝሙር 50ንና አቡነ ዘበሰማያትን ያዢ። ቢቀልሽም እንኳ ለጥቂት ወራት አትጨምሪ። መጨመር ያማረሽ ቀን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ተክለ ሃይማኖት፦ የእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «አቤቱ ማረኝ» የሚለው 51 ነው።

መምህር፦ ያው ነው። የእኛ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል።

ገብረ መድኅን፦ ዳዊትን በሳምንት እንዴት ነው የሚከፋፍሉት?

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ። 150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዐርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ዐርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ነው ብለህ ግን እንዳትዘናጋ፤ 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር አለው። ሥራ ያለው ሰው በቀን አንድ ንጉሥ ቢይዝ በ15 ቀን ይጨርሳል። ከ111 እስከ 120 ያለውን ንጉሥ ለሁለት ቀን ቢከፍለው ደግሞ እኔ አልቃወምም፤ ብዙ ሰው ዳዊትን የሚተወው እዚያ ጋ ሲደርስ ነው። ያቆምህበት ላይ ክር አድርግ፤ የቱ ጋ እንደነበርክ መፈለግ ራሱ ያሰለቻል።

ኃይለ ሚካኤል፦ ኃይለኛው ጸሎት የቱ ነው?

መምህር፦ ለምን የሚሆን? ጥያቄው ግልጽ አይደለም። የማይታወቁ ስሞች የተደረደሩበት፣ «ይህን ሰባት ቀን የደገመ እንዲህ ያገኛል» የሚል ወረቀት ይዘህ ከሆነ ተወው። አቡነ ዘበሰማያት አለልህ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ በግእዝ ካልሆነ አይሰምርም የሚሉ አሉ።

መምህር፦ ልክ አይደሉም። በምትረዳው ጸልይ።

ገብረ ሥላሴ፦ ይቅርታ መምህር፣ አማርኛው ግን የግእዙን ያህል አይሆንም። ብዙ ምሥጢር ይቀርበታል።

ወለተ ኪዳን፦ ሳይረዱት ማነብነቡስ ምን ይጠቅማል? ሐሳብ የሚበተነው እኮ በዚያ ነው።

ገብረ ሥላሴ፦ በአማርኛ የሚጸልየውስ አይበተንበትም?

ወለተ ኪዳን፦ ቢያንስ የት ላይ እንደጠፋ ያውቃል።

መምህር፦ በቃ፣ ከጉዳያችን ወጣችሁ። ግእዙን በቃሉ የያዘ ከአማርኛው ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያየውና በግእዙ ይቀጥል። ሌላው በአማርኛ። ሐሳብ መበተኑን ካነሳችሁት ግን፦ ቆማችሁ፣ ለራሳችሁ ጆሮ በሚሰማ ድምፅ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በዓይን ብቻ የሚያነብ ቶሎ ይጠፋል። ሐሳባችሁ ከሄደ ከመጀመሪያው አትጀምሩ፣ ልባችሁ ወደነበረበት ቁጥር ተመለሱ። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው መጨረሻው ላይ አይደርስም።

ወለተ ጽዮን፦ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት ላድርስ?

መምህር፦ ነግህና ሠርክ፣ ማለትም ጠዋትና ማታ፣ ቤትሽ ቁሚ። 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ባለሽበት በልብሽ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በይ። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት መውረዱን፣ በ6 ሰዓት ስቅለቱን፣ በ9 ሰዓት ጌታ ነፍሱን አሳልፎ መስጠቱን እያሰብሽ። ንዋም የመኝታው ነው። መንፈቀ ሌሊቱን ለጊዜው ተዪው።

ገብረ ማርያም፦ በቀን ስንት ልስገድ?

መምህር፦ ንስሐ አባትህ።

ፍቅርተ ማርያም፦ እኔም ስንት ልስገድ ልል ነበር። 41 ይበቃል?

መምህር፦ እህቴ፣ አሁን ተመለሰ እኮ! ጉልበትሽን፣ ጤናሽን የማያውቅ ሰው ቁጥር አይሰጥሽም። የማይሰገድበትን ግን ልንገርሽ፦ እሑድ፣ የጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት፣ ደግሞም ቅዱስ ቁርባን የተቀበልሽበት ቀን። በእነዚህ ግንባር መሬት አይነካም፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ወለተ ሐና፦ በወር አበባ ጊዜ ቤት ውስጥ መጸለይ ይቻላል?

መምህር፦ ይቻላል። አታቋርጪ።

ኃይለ ኢየሱስ፦ በስልክ ማንበብስ?

መምህር፦ ይቻላል። ዳታውን ዝጋ፣ የዕለቱን ክፍል ሳታማትብ በፊት ከፍተህ አዘጋጅ። ጸሎት ጀምረህ ገጽ ስትፈልግ ነው መልእክት ማንበብ የምትጀምረው።

ገብረ ሥላሴ፦ መጽሐፉ ይሻላል።

መምህር፦ በዚህ እንስማማለን። መጽሐፍ የሌለው ግን በስልኩ ይጸልይ።