አሮጌዋን መኪና በለውጥ ልስጣት ወይስ ራሴ ልሽጣት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት የነዳኋትን መኪና በአዲስ ለመለወጥ አስቤያለሁ። አዲሷን የሚሸጥልኝ ድርጅት አሮጌዋን ገምቶ ሊወስድና ልዩነቱን ብቻ ሊያስከፍለኝ ፈቃደኛ ነው። ሆኖም የሰጠኝ ግምት ተመሳሳይ መኪኖች በማስታወቂያ ከሚጠየቅባቸው ዋጋ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ነው። ባለቤቴ «ከጣጣው ተገላገልና እዚያው ስጣቸው» ትለኛለች፤ ወንድሜ ደግሞ «ገንዘብህን ሜዳ ላይ መበተን ነው» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ የማንን እንደሚሰሙ ከመወሰንዎ በፊት የያዙት ንጽጽር ራሱ መስተካከል አለበት። በማስታወቂያ ላይ የሚያዩት ዋጋ የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ አይደለም። መኪናዋ በመጨረሻ ስንት እንዳወጣች ማስታወቂያው አይነግርዎትም፤ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ሳይነሱ የሚቆዩት ማስታወቂያዎች በዚያ ዋጋ ገዢ ያጡት ስለሆኑ፣ ገበያውን አንድ ቀን ብቻ የቃኘ ሰው በብዛት የሚያየው የማይሸጠውን ዋጋ ነው። «ዋጋው የመጨረሻ ነው» የተባለላት መኪና ጥቂት ቆይታ በተቀነሰ ዋጋ ብቅ ስትል ማየትም አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሞዴላቸው፣ የተመረቱበት ዓመት፣ የሞተርና የካምቢዮ ዓይነታቸው እንዲሁም የተጓዙት ኪሎ ሜትር ከእርስዎ መኪና ጋር የሚቀራረቡትን መርጠው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይከታተሏቸው። ቶሎ ከገበያ የጠፉት ስንት ተጠይቆባቸው እንደነበር፣ የቆዩት ደግሞ ስንት እንደቀነሱ ሲያስተውሉ ወደ እውነተኛው ዋጋ የቀረበ ቁጥር ይይዛሉ።

ድርጅቱ ዝቅ አድርጎ መገመቱ ብቻውን እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር አይገባም። መኪናዋን የሚገዛት ሊነዳት ሳይሆን መልሶ ሊሸጣት ነውና ለፍተሻ፣ ለእጥበት፣ ለጥገናና ለጎማ የሚያወጣውን፣ ገዢ እስኪገኝ ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ለቀጣዩ ገዢ ዋስትና የመስጠት ግዴታ ካለበትም የዚያን ወጪ፣ በመጨረሻም የራሱን ትርፍ አስቀድሞ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ እሱ ዘንድ የማትሸጥ ብትሆን ለሌሎች ነጋዴዎች በጅምላ ወይም በጨረታ ሊያስተላልፋት ስለሚገደድ፣ የሂሳቡ መነሻ ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ ሳይሆን ነጋዴ ለነጋዴ የሚከፍለው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እርስዎ ለድካምዎና ለሥጋትዎ ምትክ የሚከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ይህ ክፍያ ተመጣጣኝ ነው ወይስ በዝቷል የሚል ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ ራስዎ ቢሸጡ ገዢው ድርጅት መልሶ ሲሸጣት የሚያገኘውን ሙሉ ዋጋ እንደማይከፍልዎትም ይጠብቁ። ሻጩ የመኪናዋን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ገዢው ደኅናዋን ከብልሹዋ መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠውን ዋጋ ስለሚያወርድ፣ ደኅና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይሸሻል። (አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ነው።) ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው፤ የሰርቪስ ደብተር፣ የጋራዥ ደረሰኞችና ሁለተኛው ቁልፍ በእጅዎ ካሉ፣ እንዲሁም ገዢው በመረጠው መካኒክ ለማስመርመር ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ገዢው በጥርጣሬ የሚቀንሰውን ገንዘብ መልሰው ያገኛሉ። እነዚህ ከሌሉዎት ደግሞ ወንድምዎ የሚያስቡት ትርፍ በአብዛኛው በድርድር ላይ ይቀልጣል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ እንምጣ። በለውጥ ግብይት ውስጥ ሁለት ሽያጭ አለ፤ እርስዎ አዲስ ይገዛሉ፣ አሮጌ ይሸጣሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ ላይ የተሰጠው ሌላው ላይ ይወሰዳል። የአዲሷ ዋጋ 100 ነው እንበል። አንደኛው ድርጅት አሮጌዋን በ40 ገምቶ ከአዲሷ ዋጋ ምንም አይቀንስም፤ ልዩነቱ 60 ይሆናል። ሁለተኛው አሮጌዋን በ34 ብቻ ይገምታል፤ አዲሷን ግን በ92 ይሰጥዎታል፤ ልዩነቱ 58 ነው። መኪናዬን አከበረልኝ ብለው የሚመርጡት የመጀመሪያው ድርጅት በሁለት ይበልጥብዎታል። ስለዚህ ስለ አሮጌዋ ምንም ሳያነሱ አስቀድመው የአዲሷን የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የአሮጌዋን ግምት ከዚያ በኋላ ይጠይቁ። ግዢው በብድር ከሆነ ደግሞ «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ለሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ አይስጡ፤ የመክፈያ ዘመኑን በማራዘም ወርኃዊውን ክፍያ ማሳነስ ለማንም ሻጭ ቀላል ነውና፣ የሚያነጻጽሩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከፍሉትን ጠቅላላ ገንዘብ ይሁን።

የግብርም ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች፣ አሮጌ መኪና በለውጥ ሲሰጥ የሽያጭ ግብር የሚታሰበው በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው፤ በካሊፎርኒያ ግን በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። በላይኛው ምሳሌ አሮጌዋ በ40 ብትገመትና ግብሩ 8 በመቶ ቢሆን፣ ለውጡ 3.2 ያተርፍልዎታል። ማስታወቂያው 50 የሚላት መኪና ድርድር ተደርጎባት በ46 ብትሸጥ፣ አሥር ይመስል የነበረው ልዩነት መጀመሪያ ወደ ስድስት፣ ግብሩ ሲታሰብ ደግሞ ወደ 2.8 ይወርዳል። ከዚያ ላይ የማስታወቂያውን፣ የደላላውንና የምልልሱን ወጪ ሲቀንሱ ባለቤትዎ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እርስዎ ባሉበት ቦታ እንዲህ ያለ ቅናሽ ከሌለ ግን ሚዛኑ ወደ ወንድምዎ ያደላል።

የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። መኪናዋ ብዙ ሰው የሚነዳት ዓይነት፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ የሚገኝ፣ በቅጡ የተያዘችና ወረቀቷ የተሟላ ከሆነች ራስዎ ይሽጧት፤ እንዲህ ያለች መኪና ገዢዋ ብዙ ነው። ፈላጊዋ ጥቂት ከሆነ፣ ትልቅ የሞተር ወይም የካምቢዮ ችግር ካለባት፣ ወይም እሷን ሸጠው አዲሷ እስክትመጣ በእግር ለመሄድ የሚገደዱ ከሆነ በለውጥ ይስጧት። በመካከል ላይ ላለ ሰው ደግሞ የተሻለው መንገድ የድርጅቱን ግምት ለስንት ቀን እንደሚጸና ተጠቅሶ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በግል መሞከር ነው። ያ ወረቀት ከእጅዎ ሳለ ማንም ገዢ ከእሱ በታች ሊያወርድዎት አይችልም። ከአንድ ድርጅት በላይ ማስገመትም ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድብዎትም፤ አሮጌ መኪና ብቻ የሚገዙ ድርጅቶች ካሉም አዲስ መግዛትዎን ቅድመ ሁኔታ ስለማያደርጉ የእነሱ ቁጥር ጥሩ መለኪያ ነው።

ከመሸጥዎ በፊት ትልቅ ጥገና አያስገቡ፤ ያወጡትን ሙሉ በሙሉ የሚመልስልዎት ገዢ አይገኝም። የተቃጠለ አምፖል መቀየር፣ ውስጧንም ውጭዋንም በደንብ ማሳጠብና የጎማውን ንፋስ ማስተካከል ይበቃል። መኪናዎ ኤሌክትሪክ ብትሆን ኖሮ ስምንት ዓመት ከባድ ድንበር ነበር፤ ብዙ አምራቾች ለዋናው ባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ዋስትናው ከማለቁ በፊትና በኋላ ያለው ዋጋ የተለያየ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን በግል ለመሸጥ ወስኛለሁ፤ ነገር ግን የማላውቀው ሰው ለሙከራ ልንዳ ሲለኝና ገንዘብ ስንቀባበል ምን ማድረግ እንዳለብኝ ያስፈራኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አደጋው ያለው በጥቂት ቦታዎች ላይ ስለሆነ እነሱን መዝጋት ይቻላል። ገዢውን ቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ያግኙት። ከመንዳቱ በፊት መንጃ ፈቃዱን ተቀብለው ይመልከቱ፤ ኢንሹራንስዎ ሌላ ሰው ሲነዳ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲነዳም አብረውት ይቀመጡ። ቦታ ስትቀያየሩ ቁልፉ በእጅዎ ይሁን፤ ሞተሩ እየሠራ ከወረዱ መኪናዋ ያለ እርስዎ ልትሄድ ትችላለች።

ገዢው መካኒክ ይዞ ከመጣ ደስ ይበልዎት። በምርመራው ዋዜማ ግን በዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የሞተር መብራት በመሣሪያ አጥፉልኝ ብለው ወደ ጋራዥ አይሂዱ። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ አስገዳጅ የሆነው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሥርዓት፣ መብራቱን ለማጥፋት የጥፋት መዝገቡ ሲሰረዝ የራሱ ፍተሻዎች «ገና አልተጠናቀቁም» የሚል ምልክት ያሳያል፤ መኪናዋ በቂ ርቀት እስክትነዳም ምልክቱ አይጠፋም። ነገሩን የሚያውቅ መካኒክ ይህን ሲያይ መብራቱ በርቶ ቢያገኘው ከሚጠረጥረው የባሰ ይጠረጥራል።

ክፍያውን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፤ ገንዘቡ በሂሳብዎ መግባቱን ባንክዎ ራሱ ሳያረጋግጥልዎ ቁልፍም ወረቀትም አያስረክቡ። በገዢው ስልክ ላይ የሚታይ የዝውውር ምስል ማረጋገጫ አይደለም፤ ቼክም ቢሆን ባንኩ እስኪከፍለው ድረስ ተራ ወረቀት ነው። በተለይ ከተስማማችሁበት በላይ የተጻፈ ቼክ ሰጥቶ ትርፉን መልስልኝ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ወዲያውኑ ይተዉት፤ ቼኩ ውድቅ ሲሆን የመለሱት ገንዘብ ከራስዎ ኪስ የወጣ ሆኖ ይቀራል። የሚሻለው ሁለታችሁም ባንክ ውስጥ ተገኝታችሁ መጨረሱ ነው። ቀብድ ከተቀበሉም መጠኑ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ ገዢው ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን በአጭር ውል ይጻፍ።

ሽያጩ የሚያልቀው ግን ስሙ ሲዛወር ነው። «በኋላ አዛውረዋለሁ» ብሎ የሚሄድን ገዢ አይመኑ፤ በመዝገቡ ላይ ስምዎ እስካለ ድረስ የቅጣት ወረቀቱም የአደጋው ጥያቄም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። ኢንሹራንሱን የሚያቋርጡት ዝውውሩ ከተፈጸመ በኋላ ይሁን። የመኪናዋ ስክሪን ስልክዎን ያገናኙበት ከሆነ የስልክ ማውጫዎን፣ የጥሪ ዝርዝርዎንና «ቤት» ብለው ያስቀመጡትን አድራሻ ሳይሰርዙ አያስረክቡ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ብድር ገና አላለቀም። ድርጅቱ «ቀሪውን ዕዳ እኛ እንዘጋልሃለን፣ አዲሷን ውሰድ» ይለኛል። ይህ ነጻ ስጦታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መኪናህ የምታወጣው ከቀሪው ዕዳ በላይ ከሆነ ድርጅቱ ዕዳውን ከግምቱ ላይ ቀንሶ ትርፉን ያስብልሃል፤ ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ዕዳው ከዋጋው ከበለጠ ግን ጉድለቱ በአዲሱ ብድር ላይ ተደምሮ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሌለህን መኪና ዕዳ ከነወለዱ በአዲሷ ላይ ትከፍላለህ ማለት ነው። መኪና ዋጋዋ በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ብድር ከአንደኛው የባሰ ጉድለት ላይ ሊጥልህ ይችላል። ከአበዳሪው ዘንድ ሂድና ዕዳውን ዛሬ ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ትክክለኛ መጠን በጽሑፍ ጠይቅ። ይህ ቁጥር ከግምቱ የሚበልጥ ከሆነና ችግር ካላጣደፈህ፣ አሮጌዋን ጥቂት ጊዜ ነድተህ ዕዳውን ማጉደል ይሻልሃል። በግል መሸጥም አይከለከልም፤ ነገር ግን የአበዳሪው እገዳ ሳይነሳ ስም ስለማይዛወር ክፍያው በአበዳሪው ቢሮ ወይም በእሱ በኩል መፈጸም ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ካምቢዮ ሲሞቅ ይንቀጠቀጣል። በለውጥ ስሰጣት ይህን መናገር አለብኝ?

መልስ፦ ይናገሩ። ለድርጅቱ ቢደብቁት መካኒኩ አሙቆ ሲነዳት ያገኘዋል፤ ያኔ የሚቀንሰው የካምቢዮውን ብቻ ሳይሆን ያላገኘውንም ነገር ጠርጥሮ ነው። ለግለሰብ ገዢ ቢደብቁት ደግሞ በብዙ አገሮች ሕግ «እንዳለች ገዝቻለሁ» የሚለው ቃል አውቆ ጉድለት የሸሸገን ሻጭ አያድነውም፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስማ በብዙ ቦታ ወንጀል ነው። ጉድለቱን በውሉ ላይ ጽፈው ዋጋውን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ በፊት ግን 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር ይዘው አምራቹ በዚያ ሞዴል ላይ የመልሶ ጥገና ጥሪ አውጥቶ እንደሆነ በወኪሉ ዘንድ ይጠይቁ። ችግሩ በጥሪው ውስጥ የተካተተ ከሆነ ወኪሉ ያለ ክፍያ ሊሠራልዎት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ያለ ቅናሽ ለመደራደር መብት አለዎት።