«ላኪ-ተቀባይ» ወይስ «መላላኪያ»?

ጥያቄ፦ ቡሬ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ለባልደረቦቼ የሚሆን የጥገና መመሪያ በአማርኛ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። የኔትወርክ ስዊቹ ላይ የሚሰካውን፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑንም ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጠ በፋይበር የሚያስተላልፈውን ሞጁል፣ ማለት ትራንሲቨሩን፣ ምን ብዬ ልጥራው? አለቃዬ «ላኪ-ተቀባይ በል» ይሉኛል። ለሙቀት፣ ለብርድና ለንዝረት ተብሎ የተሠራውን ዓይነትስ «ጠንካራ ትራንሲቨር» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ አለቃዎ ተሳስተዋል አልልም። ይሁን እንጂ «ላኪ-ተቀባይ» የሚለውን ባየሁ ቁጥር እጄ ሰረዙን ለመፋቅ ይነሣል። አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የራሱ የሆነ አንድ ወጥ ቅርጽ አለው፤ ያንን ትተን ሁለት ቃል በሰረዝ ስንሰፋ ይቆጨኛል። ጥያቄዎ ለብዙ ዓመት ሲያብሰለስለኝ የኖረውን ነገር ስለነካ፣ መልሴ ለመመሪያው ከሚያስፈልገው በላይ ቢረዝም ይታገሡኝ።

እንግሊዝኛው እንዴት እንደተሠራ በመጀመሪያ እንይ። ቃሉ የሬዲዮ ሰዎች ቃል ነው። የሚልከው ዕቃ «ትራንስሚተር»፣ የሚቀበለው «ሪሲቨር» ይባል ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት ገጥመው «ትራንሲቨር» አሉት። «ሞደም»ም እንደዚሁ ከ«ሞዱሌተር» እና ከ«ዲሞዱሌተር» ተቆርጦ የተገጠመ ነው። ቋንቋው እንዲህ የሚቆርጠው፣ ሁለት ወገኖች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ነገር በግሡ አካል ውስጥ ማሳየት ስለማይችል ነው። እኛ ግን እንችላለን።

ነገረ ብለን ተነጋገረ፣ ሳመ ብለን ተሳሳመ፣ ጻፈ ብለን ተጻጻፈ እንላለን። ከግሡ ፊደላት አንዱ ይደገማል፣ ከፊቱ «ተ» ይገባል፤ አድራጊውም ተደራጊውም ባንድ ቃል ተቀምጠው ያድራሉ። «ተነጋገሩ» ከተባለ ሁለቱም ተናግረዋል፣ ሁለቱም ሰምተዋል። ከዚህ ግሥ የመሣሪያ ስም ሲወጣ «ተ» ተውጣ ትቀርና መነጋገሪያ፣ መመላለሻ፣ መገበያያ እንላለን። ገንዘብን «መገበያያ» ለማለት «መሸጫ-መግዣ» ማለት አላስፈለገንም፤ ሻጩም ገዢውም እዚያው አሉ። በዚሁ ሥርዓት ላከ፣ ተላላከ ይሆናል፤ ከተላላከ መላላኪያ ይወጣል። የእርስዎ ሞጁል ሥራም ይኸው ነው፤ በዚህ ጫፍ ያለው ብርሃን ይልካል፣ ማዶ ያለው ተቀብሎ የራሱን ይልካል። በአንዲት ፋይበር ብቻ በ1310 እና በ1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ሁለት ዓይነት ብርሃን ግራና ቀኝ የሚያመላልሰው ዓይነትማ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። እኔ «የብርሃን መላላኪያ» እለዋለሁ።

ይህን ዛሬ አልፈጠርሁትም። ወታደሩና ፖሊሱ ይዞት የሚዞረው ሬዲዮ ትራንሲቨር ነው፤ አማርኛ ግን ያለ ሰረዝ፣ ያለ ቅጥያ፣ «የሬዲዮ መገናኛ» ብሎ ኖሯል። ቴሌግራምንና መሰሎቹንም ሰዎች «የመልእክት መላላኪያ» ይሏቸዋል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ቋንቋው ራሱ ነው ያቀበላቸው።

«ላከ» ራሱ ያጠረ ቃል ነው። ግእዙ ለአከ ነው፤ መካከል የነበረው አልፍ በአማርኛ ጠፍቶ ላከ ሆነ፤ በስሞቹ ላይ ግን እስካሁን እንጽፈዋለን፦ መልእክት፣ መልእክተኛ፣ መልአክ። መልአክ ማለት የተላከ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። የብሉይ ኪዳኑ ዕብራይስጥ ይህን ስም ይዞ ግሡን ጥሎታል፤ ግእዝ ግን ስሙንም ግሡንም አብሮ አቆይቷል። በሶርያ ባሕር ጠረፍ ከተገኙት የኡጋሪት የሸክላ ጽላቶች ላይም ግሡ አለ፤ ስለዚህ ዕድሜው ከ3,000 ዓመት በላይ ነው። ሰማያዊውን «መላክ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን በአንዲት ፊደል ይቀብሩታል። የግሡ አርእስት፣ ማለት ድርጊቱን በስም የምንጠራበት ቅርጽ፣ መላክ ነው፤ ሰማያዊው መልአክ ነው።

አሁን ወደሚቃወሙኝ ሰው ልምጣ። ስማቸውን አላነሣም፤ ሐሳባቸው ግን መልስ ይገባዋል። «ሞጁሉ ውስጥ ሁለት አካል አለ፤ ሌዘሩ ይልካል፣ ፎቶዳዮዱ ይቀበላል፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ስሙ ሁለቱን ለይቶ ይያዝ» ይላሉ። ስለ ዕቃው የተናገሩት እውነት ነው። ግን ለሁለቱ ክፍሎች «መላኪያ» እና «መቀበያ» የሚሉ ስሞች አሉልን፤ ሌዘሩ ሲሞት «መላኪያው ሞተ» ማለት ይቻላል። ሙሉው ዕቃ ደግሞ ሁለቱን አቅፎ «መላላኪያ» ይባላል።

ላኪና ተቀባይ ግን ለእኔ ሰዎች ናቸው። ባንክ ቤት የሚሞላው ቅጽ ላይ «የላኪ ስም»፣ «የተቀባይ ስም» የሚል አለ፤ በየንግድ ቤቱ በር ላይ «አስመጪና ላኪ» ተጽፏል። ግእዙም ነጋሪ፣ ቀዳሲ ሲል በሣልስ ቅጽል፣ ማለት መጨረሻው እንደ «ሪ» እና «ሲ» ሣልስ ፊደል በሆነው ቃል፣ ስለ አድራጊው ነው የሚናገረው። «ፈጪ» ሲባል ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች እናቴ ትታየኛለች፤ «መፍጫ» ሲባል ድንጋዩ።

እሳቸው እዚህ ላይ «ተሽከርካሪ»ን ያመጡብኛል። መኪና ሰው አይደለም፣ ስሙ ግን የአድራጊ ስም ነው። ተሽከርካሪ ራሱ ይሽከረከራል እንጂ በሌላ ላይ የሚያደርገው የለም ብዬ ላመልጥ እችል ነበር፤ ነገር ግን «አንቀሳቃሽ ሞተር» የሚለው መልሴን ያፈርሰዋል፤ «ኤሌክትሪክ አስተላላፊ»ም ከተማሪ ቤት መጻሕፍት ገብቷል። ስለዚህ ልመን፦ የአድራጊ ስም ወደ ማሽን ተሻግሯል፤ ወደ ኋላ የሚመለስም አይመስለኝም። ለዕቃ የዕቃ ስም ሲሰጠው ደስ የሚለኝ መሆኑን ግን አልተውም። አለቃዎ ሁለት ቃል ካልሆነ አይሆንም ካሉ ደግሞ «መላኪያ መቀበያ» ይበሉ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን «ማብሪያ ማጥፊያ» እንደምንለው፤ ሰረዝም አይፈልግም።

«ተቀባይ» የሚለውን ቃል ግን እንዳልጠላሁት ይታወቅልኝ። በጎጃም ሰርግ ላይ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲቆም አድማጩ «ተቀበል!» ይለውና ግጥሙን ያቀብለዋል። አዝማሪው በጆሮው የሰማውን ቃል በዜማ አድርጎ ወዲያው ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ቃል ገብቶ ዜማ ሆኖ ይወጣል፣ በሞጁሉ ኤሌክትሪክ ገብቶ ብርሃን ሆኖ እንደሚወጣው። የሚቃወሙኝ ሰው እስካሁን ይህን ምሳሌ አላነሡብኝም፤ ቢያነሡት ኖሮ የምመልሰው ይቸግረኝ ነበር።

መላላኪያ ላይ ያለው እውነተኛ እንቅፋት ሌላ ነው። በእኛ አገር ገጠር «ተላላኪ ልጅ» ምስጋና ነበር፤ ታዛዥ፣ ጎረቤት የሚልከው፣ ቅኔ ቤትም ከገባ ለየኔታ የሚታዘዝ። ዛሬ ግን ፖለቲከኞች ቃሉን ለስድብ አዋሉት፤ «የባዕድ ተላላኪ» ይባላል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምክንያት መላላኪያንም ይሸሻሉ። እኔ አልሸሸውም። ስድቡ የተጣበቀው ሰውየው ላይ ነው፤ የመሣሪያ ስሙ ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይልቅ አሳሳቢ ነው፣ ዕቃ ያስበላሻልና። «ጠንካራ» አይበሉ። ጠንካራ ሲባል ድንጋይ፣ እንጨት፣ ክንድ ነው የሚታሰበን፤ ቢወረወር የማይሰበር፣ ቢረግጡት የማይታጠፍ። ይህ ሞጁል እንዲህ አይደለም። ከተራው የሚለየው በሚሸከመው ነገር ነው። ተራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሠራል፤ ለኢንዱስትሪ የተሠራው ከዜሮ በታች 40 እስከ ከዜሮ በላይ 85 ድረስ። ልኩ ደግሞ የሞጁሉ ገላ ሙቀት ነው እንጂ የአየሩ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ የብረት ሣጥን ውስጥ ገላው ከአየሩ እጅግ ይግላል። እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ጮቄ ሌሊት ውርጭ ሲጥል የተራው ሞጁል የታችኛው ልክ ይጣሳል፤ ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ የላይኛውን ልክ ማሰብ ግድ ነው።

ለዚህ ያለን ቃል «ቻይ» ነው። ሥሩ ግእዙ ክህለ ነው፤ «ከ» ወደ «ቸ» ተለውጦ፣ «ህ» ጠፍቶ ቻለ ሆነ። ክህሎት የዚሁ ልጅ ነው፤ ፈጣሪን ከሃሊ፣ ሁሉን ቻይ የምንለውም ከዚሁ ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ አንድ ተጨማሪ ትርጉም ወለደ፦ መሸከም፣ መታገሥ። «ቻይ ሴት ናት» ስንል ክንደ ብርቱ ናት ማለታችን አይደለም፤ የደረሰባትን ችላ ቤቷን አቆመች ማለታችን ነው። ሞጁሉም እንደዚያው ነው፤ ሙቀቱን አይመልሰውም፣ ሙቀቱ ገላው ላይ እያለ ሥራውን ይሠራል። አንዳንዶች «ተቋቋሚ» ይላሉ፤ የግብርና ባለሙያዎች «ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ» እያሉ አስፍተውታልና ስሕተት ነው ብል የሚሰማኝ የለም። መቋቋም ግን ፊት ለፊት ገጥሞ መመከት ነው፤ መቻል ሌላ ነው። «ሙቀት ቻይ»፣ «ንዝረት ቻይ» ብለው ይጻፉ።

ፋይበርን ግን አይንኩት። ቃጫ የሚሉ አሉ፤ ቃጫ ለእኔ ገመድና ጆንያ ነው። አሰር የሚሉም አሉ፤ እሱን የምግብ ባለሙያዎች ወስደውታል። «የብርሃን ክር» ቢባል በግሌ እመርጥ ነበር፤ ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ዓይነት ብርሃኑ የሚሄድበት የመሃል መስመር 9 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከክርም የቀጠነ ክር ነው። ይሁን እንጂ «ፋይበር ተቆረጠ» ሲባል የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ ሁሉ ኔትወርክ ለምን እንደጠፋ ያውቃል። ነገሩ አብቅቷል።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በአማርኛ ብርሃን ማለት የሚታይ ነገር ነው፤ ያልታየውን «የለም» እንላለን። በ1310 እና በ1550 ናኖሜትር የሚሄደውን ግን ዓይን አያየውም። «የብርሃን መላላኪያ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ ሞጁሉ መብራቱን ለማረጋገጥ አፉን ወደ ዓይኑ ሊያስጠጋ ይችላል። ስለዚህ ስሙ በመጀመሪያ በተነሣበት ስፍራ «የማይታይ ብርሃን» የሚለውን ይጨምሩ። የአፉን መክደኛ ላስቲክም እንደ ጋን አፍ «ውታፍ» ቢሉት ማንም ይረዳዋል፤ አቧራ የገባበት አፍ ብርሃኑን ያግዳልና ውታፉ እንዳይጠፋ ይጻፉ።

ከመጋዘን ዕቃ ሲጠይቁ «ኤስኤፍፒ ትራንሲቨር» ይበሉ (ኤስኤፍፒ የተሰኪው ሞጁል መጠንና ቅርጽ መጠሪያ ነው)፤ የዕቃ ክፍሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። በመመሪያው ውስጥ ግን መጀመሪያ ላይ ትራንሲቨርን በቅንፍ ካስገቡ በኋላ በአማርኛው ይቀጥሉ፦ «ሙቀት ቻዩን የብርሃን መላላኪያ ከስዊቹ ሲነቅሉ በመጀመሪያ ፋይበሩን ያላቅቁ፤ ወዲያውኑም ውታፉን ይወትፉ፤ የማይታይ ብርሃን ስላለው አፉን አይመልከቱ።»