የፖም አቼቶሽ አልተበላሸም፤ ገና መንገድ ላይ ነው

እህቴ፣ ፖም ቆራርጠሽ በስኳር ውሃ ከዘፈዘፍሽ አስር ቀን እንደሆነው፣ ጠላ ጠላ እንደሚሸት፣ ከላዩም ነጭ ነገር ጣል ጣል እንዳለበት ጽፈሻል። «ልድፋው ወይ?» ላልሽው፣ እባክሽ አትቸኩዪ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ አቼቶ መግዛት ከተውኩ ቆይቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ጠላ ጠላ መሽተቱ ደግ ምልክት ነው። አቼቶ የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ከዚያ ባክቴሪያ ያንን አልኮል ወደ አሲድ ይቀይረዋል። እርሾው ያለ አየርም ይሠራል። ባክቴሪያው ግን አየር ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። ጠላ ሲሰነብት ይኮመጥጥ የለ? ያው ነው። አንቺ ገና የመጀመሪያው ላይ ነሽ።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። ብርሃን ላይ አውጥተሽ ጠጋ ብለሽ እዪው። ፀጉር ያበቀለ ወይም አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ሻጋታ ነው። ያኔ ጨክነሽ ሁሉንም ድፊው፤ ከላይ ገፎ የታችኛውን መጠቀም የለም። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ሽብሽብ ያለ ነጭ ሽፋን ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት እርሾ ነው። አይጎዳም፤ ጣዕም ስለሚያበላሽ በንጹህ ማንኪያ ግፈፊው። ወፈር ብሎ የሚያሟልጭ ነገር ካየሽማ ደስ ይበልሽ፣ የአቼቶ «እናት» የሚሉት፣ አሲድ የሚሠራው ባክቴሪያ የሚፈጥረው ሽፋን፣ እሱ ነው።

ሻጋታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፖሙ ተንሳፎ አየር ሲያገኘው ነው። ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ሞልተሽ ጫኚበት። ጠዋትና ማታ በእንጨት ማንኪያ አማስዪው። ክዳኑን ደግሞ አታጥብቂ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ለሚቀጥለው እንዲሆንሽ፦ እኔ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነው የማደርገው። ማርም ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ። ፖሙ ውድ መሆን የለበትም፤ ልጣጩና መሃሉም ይበቃል። የጨንቻ ፖም ካገኘሽ ትንንሹንና የተጫጫረውን በቅናሽ ግዢ፣ የበሰበሰውን ክፍል ግን ቆርጠሽ ጣዪ። እቃው ብርጭቆ ይሁን። ብረትና አሉሚኒየም በአሲድ ይበላል።

አረፋው ሲጠፋና ፖሙ ወደ ታች መስመጥ ሲጀምር አጥልዪው። ሞቅ ባለ አገር ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ በክረምት እስከ አንድ ወር ይሄዳል። ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያበላሸውም። እኔ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እዚያ ሞቅ ይላል።

ካጠለልሽው በኋላ አፈ ሰፊ እቃ ውስጥ ገልብጪው፣ እስከ አፉ ግን አትሙዪው። ሽመናው ጠበቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪው። ሳሳ ያለ ሻሽ ትንኝ ያሳልፋል፤ አንዴ ከገባች እንቁላል ትጥልበታለች። ካለሽ ያልተጣራ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፣ ያፈጥነዋል። መሃል ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚደፋው። ታገሺው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከአንድ ወር በኋላ ቅመሺው፤ አፍንጫሽን ቆንጠጥ ካደረገሽና የአልኮል ጣዕሙ ከጠፋ ደርሷል። ያኔ በጠርሙስ ሞልተሽ ግጥም አድርገሽ ክደኚው።

አንድ ነገር አደራ። የሱቁ አቼቶ አሲዱ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የቤቱ ግን ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ለሰላጣና ሥጋ ለመዘፍዘፍ ግሩም ነው። ከፍሪጅ ውጪ ለወራት ለሚቀመጥ አትክልት ግን የሱቁን ተጠቀሚ። መጠጣት ካማረሽም አንድ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጪ፤ ሳይቀጥን ጥርስ ይበላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።