ጋቢው ታጥቦም ቅማሉ በሳምንቱ ለምን ይመለሳል

ደብረ ማርቆስ አካባቢ የቆሎ ተማሪ የሆነው ወንድምህ ጋቢው በሳሙና ታጥቦም ቅማሉ ለምን እንደተመለሰ ጠይቀሃል፤ የተመለሰው ቅጫሙ ስላልሞተ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጫም አይገድልም፣ ስፌቱ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ልጁ ሲለብሰው በገላው ሙቀት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈልና ደም መምጠጥ ይጀምራል።

1. ውሃ አፍሉና ልብሱን ዘፍዝፉት፣ ከ54 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት፣ ለብ ያለ አይበቃም።
2. ሲደርቅ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩሱት።

ደበሎ ካለው አይቀቀልም፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አንድ ወር አቆዩት። ትልቁ ቅማል ደም ካጣ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ ጊዜ የሚፈጀው ቅጫሙ ነው። ጎጆው ውስጥ አብረውት የሚያድሩት ልጆችም በዛው ቀን ካላጠቡ ግን ልፋት ብቻ ነው።

አደራ በጥፍር አትጨፍልቁት! እኛም ቤት እንደዛ ነበር የምናደርገው። የግርሻ በሽታ የሚይዘው ቅማሉ ሲፈነዳ የሚወጣው ፈሳሽ በታከከ ቆዳ ወይ በአይን ሲገባ ነው። የአጎቴ ልጅ ይሄው ግርሻ ይዞት ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ዳንኩ ብሎ እርሻ ወጣ፣ ከሳምንት በኋላ አገረሸበትና በቃሬዛ ነው የወሰድነው። ወንድምህን ካተኮሰው ወባ ነው ብላችሁ ክኒን እንዳትገዙለት፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰደውና ደሙ ይታይ።